ጣናን ዳር ዳሩን፦ ከዘጌ እስከ ናበጋ

ቅዳሜ፣ ባሕር ዳር

ባሕር ዳር ለሽርሽር የሚመጣ ሰው ሞልቷል። እኔ በዚህ ኅዳር የመጣሁት ግን አንድ ጥያቄ ይዤ ነው። ይህች ከተማና ዙሪያዋ ያሉት ወረዳዎች የሚኖሩት ከሐይቁ፣ ከወንዞቹና ከመሬቱ በሚያገኙት ነው። ዓሣው፣ ሩዙ፣ ቡናው፣ አሸዋው፣ ደንገሉ፣ መብራቱ፣ ቱሪስቱ፣ ሁሉም ጣናን ተጠግቶ ያለ ነው። ታዲያ ይህ ሁሉ ሰው ከአንድ ቦታ እየቀዳ እስከ መቼ ይዘልቃል? "እዚህ ጋ ይብቃን" የሚለውስ ማን ነው? ቢልስ ማን ይሰማዋል?

ወሩንም አስቤበት ነው የመረጥኩት። ኅዳር ላይ ክረምቱ የሞላው ሐይቅ ገና አልጎደለም። ፎገራ ሩዝ ያጭዳል። ዘጌ ላይ ቡናው ይቀላል። ሐይቁን የወረረው አረም፣ እምቦጩም፣ ክረምቱን ሲፋፋ ከርሞ በደንብ ይታያል።

ጠዋት በማለዳ ዓሣ ወደሚወርድበት ቦታ ሄድኩ። ሌሊቱን መረብ ጥለው ያደሩት ጀልባዎች እየገቡ ነበር። ቀረሶው፣ አምባዛውና ነጭ ዓሣው ለየብቻ ይከመራል። ወጣቶቹ ቢላቸውን ይዘው ቁጭ ብለዋል። አንዱ ቀረሶ ሲገፍ ቆሜ አየሁት። ከጀርባው ይጀምራል፣ ቆዳውን በጥርሱ ይዞ ይስበዋል፣ ሥጋውን ከአጥንቱ ይለያል። ሁሉም ነገር አንድ ደቂቃ አይሞላም። ራሱና አጥንቱ ለሾርባ ይሸጣል። ዙሪያውን ወፉ ይጠብቃል።

ከተከመሩት ቀረሶዎች ብዙዎቹ ግን ከመዳፌ እምብዛም አይበልጡም። መረቡን የሚያጥፉ አንድ ጎልማሳ ዓሣ አጥማጅ ጋ ጠጋ አልኩ። የመረቡን ዓይን በጣቴ ለካሁት። ሁለት ጣት ገባ፣ ሦስተኛው እምቢ አለ።

"ጋሼ፣ ይሄ አልጠበበም?"

"ጠቧል እንጂ! ሰፊ ዓይን ይዤ ብወጣ ባዶ እጄን ነው የምመለስ። ጎረቤቴ ጠባብ እየጣለ እኔ ብቻ ሰፊ ብጥል ዓሣውን ለሱ አሳደግኩለት ማለት ነው።"

እኚህ ሰው ያሉት ነገር ቀኑን ሙሉ ከጭንቅላቴ አልወጣም። ምክንያቱም እውነት ነው። ብቻውን የሚቆጥብ ሰው በጣና ላይ ተጎጂ ነው።

ጣና ሲያዩት ባሕር ይመስላል። ስፋቱ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ጥልቀቱ ግን ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ ወደ 14 ሜትር ብቻ ነው። ሰፊ ትሪ ላይ የፈሰሰ ውኃ በሉት። ስለዚህ የሚገባበት አፈር ቶሎ ይታወቅበታል። ግማሽ ሜትር ሲጎድልም ዳርቻው ብዙ ይሸሻል።

ዓሣውም እንደ ሐይቁ ለየት ያለ ነው። እዚህ "ነጭ ዓሣ" የምንለው አንድ ዓይነት አይደለም። ተመራማሪዎች 17 ዝርያ ለይተዋል፤ አብዛኞቹ በዓለም ላይ ከጣና ሌላ ቦታ የላቸውም። ከእነዚህ ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ ከሐይቁ ወጥተው ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭና ወደ ሌሎችም ወንዞች ይወጣሉ። እንቁላላቸውን የሚጥሉት ንጹሕ ውኃ በሚሮጥበት ጠጠር ላይ ነው። ከመውጣታቸው በፊት ወንዙ ሐይቁን የሚቀላቀልበት አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። ዓሣ አጥማጁም ይህን ያውቃል። መረቡን እዚያው አፉ ላይ ይጥላል። አንድ ሌሊት የሚገኘው ዓሣ ሐይቁ መሀል ከሚገኘው ጋር አይወዳደርም። ግን የተያዘችው ዓሣ ሆዷ እንቁላል ነው።

ድሮ ማጥመጃው ከደንገል የሚሠራው ታንኳ ነበር፤ ታንኳ ደግሞ ከዳር ብዙ አይርቅም። በ1978 ዓ.ም. ገደማ ሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ገባ። ለብዙ ሰው እንጀራ ሆነ፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የተደረገው ጥናት ያሳየው አስደንጋጭ ነው። የትልልቆቹ ነጭ ዓሣዎች ብዛት በ75 በመቶ ያህል፣ የትንንሾቹ በ90 በመቶ ያህል ቀንሷል። ሕጉማ አለ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 የወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ክረምት አልፏል።

ማታ ዓሣ ጎላሽ በላሁ። ጣፋጭ ነበር።

እሑድ፣ ዘጌ

ዛሬ በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻገርኩ። አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከሩቅ ሲያዩት ባሕረ ገቡ ጥቁር ነው። ሲጠጉ ያ ጥቁረት ጫካ መሆኑ ይገባዎታል። ከባሕር ዳር እስከ ጎንደር ባለው አገር የቀረው አገር በቀል ደን አብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ያለው ነው። ዘጌ ግን ሰው የሚኖርበት፣ ሰው የሚነግድበት ሙሉ ጫካ ነው።

ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደውን የድንጋይ መንገድ ይዤ ወጣሁ። ግራና ቀኝ ቡና ነው። ፍሬው ቀልቷል። ከቡናው በላይ ዋንዛው፣ ሰሳው፣ ብርብራው ጥላ ጥሎለታል። የግድግዳ ሥዕሎቹን ብዙ ሰው ጽፎባቸዋል፣ እኔ አልደግመውም። የሄድኩት ጫካው እንዴት እንደቆየ ለመጠየቅ ነው።

መልሱን የነገሩኝ ደጃቸው ላይ ቡና የሚያሰጡ አንዲት እናት ናቸው። ጀንፈሉን በእጃቸው እያገላበጡ አወጉኝ።

"አቡነ በትረ ማርያም ናቸው የሰጡን። ዱላቸውን ሦስት ቦታ ሰብረው ተከሉ። አንዱ ቡና ሆነ፣ አንዱ ጌሾ፣ አንዱ ሎሚ። ከዚያ 'እዚህ አገር ሞፈር አይግባ፣ ከብት አይርባ፣ በነዚህ ትኖራላችሁ' አሉ። አባቶቻችን አላረሱም። እኛም አላረስንም።"

"ማረስ አያምራችሁም፣ እማማ?"

"ምን ልሁን ብዬ! ጤፉን በቡናው እገዛለሁ።"

ይህን ታሪክ በመጽሐፍ ሳነበው ክልከላው ነበር የታየኝ፤ አትረሱ፣ ከብት አታርቡ የሚለው። እሳቸው ሲያወሩት ግን ቀድሞ የመጣው ስጦታው ነው። ቡና፣ ጌሾና ሎሚ። ሰው በምን እንደሚኖር ተነገረው፣ ከዚያ በኋላ ምን እንደማይነካ ተነገረው። ለብዙ መቶ ዓመት የጸናውም ለዚህ ይመስለኛል። እምነቱ ትልቅ ጉልበት ነው፤ ግን ቡናው ባይሸጥ ኖሮ እምነቱ ብቻውን ይህን ሁሉ ዛፍ ማቆም ይከብደው ነበር።

ማስረጃውም እዚያው ዘጌ አለ። ቡናው ዋጋ ሲያጣ ወይም ምርቱ ሲያንስ ዛፍ ይቆረጣል። የዘጌ ማገዶ በታንኳ ተጭኖ ባሕር ዳር ገበያ ሲወጣ የኖረ ነው። ደሃው ሰው ጫካውን የሚነካው ጠልቶት አይደለም። ቀን ሲጨልምበት የሚሸጠው ሌላ ነገር ስለሌለው ነው።

ስመለስ አብሮኝ የወረደው ልጅ ከመሬት ላይ የብርብራ ፍሬ አንሥቶ ሰጠኝ። ጠፍጣፋ፣ ቡናማ፣ ለስለስ ያለ። "ይሄ ተወቅጦ ውኃ ውስጥ ሲገባ ዓሣ ያሰክራል" አለኝ። እውነቱን ነው፤ የቆየ የማጥመጃ ዘዴ ነው። ለቡናው ጥላ የሚሆነው ዛፍ ፍሬው ለዓሣው መርዝ ነው። ትልቁንም ትንሹንም ዓሣ አንድ ላይ ስለሚፈጅ ዛሬ መደረግ የሌለበት ነገር ነው። ልጁም "እኛ አናደርገውም" ብሎ ፍሬውን መልሶ ጣለው።

ሰኞ፣ ጨረጨራ እና ጢስ ዓባይ

ዛሬ አጭር ቀን ነበር። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ቦታ ያለውን የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ አየሁ። በ1988 ዓ.ም. ገደማ ሲያልቅ ሁለት በር ነበረው። በኋላ አምስት ተጨመረለት። በእነዚህ ሰባት በሮች የሐይቁ ከፍታ በሰው እጅ ሆነ ማለት ይቻላል።

ግድቡን ያስፈለገው መብራት ነው። ጢስ ዓባይ አንድ በ1956 ዓ.ም. ሲሠራ 11 ሜጋ ዋት ገደማ ነበር የሚያመነጨው። በ1993 ዓ.ም. የተጨመረው ጢስ ዓባይ ሁለት 73 ሜጋ ዋት ነው። ከዚያ በኋላ ፏፏቴው ቀጠነ። 40 ሜትር ከፍታ ካለው ገደል ላይ ድሮ እንደ ጭስ ይነሣ የነበረው ውኃ ወደ ተርባይኑ ሄደ። ዛሬ ያየሁት ከፊሉን ነው፤ ያም ሆኖ ያምራል። መንገድ የሚመሩት የጢስ ዓባይ ልጆች ግን "ድሮ ቢያዩት ኖሮ" ማለት ይወዳሉ። የእነሱ እንጀራ ውኃው ሲወርድ ነው የሚገኘው፣ የመብራቱ ደግሞ ውኃው ሳይወርድ።

በ1995 ዓ.ም. በጋ የሆነውን ግን ማስታወስ ያስፈልጋል። ዝናቡ ሳሳ፣ ለመብራት የሚለቀቀው ውኃ ደግሞ ቀጠለ። ሐይቁ መርከብ ለመሄድ ከሚያስፈልገው ከፍታ በታች ወረደ፣ የሐይቁ መርከቦች ቆሙ። ዳር ዳሩ ያለው ደንገል ደረቀ። ውኃው ከሸሸበት መሬት ላይ ገበሬው ገብቶ ዘራ። አንድ በር ላይ የተወሰነ ውሳኔ መርከበኛውን፣ ታንኳ ሠሪውን፣ ዓሣ አጥማጁንና ገበሬውን በአንድ ጊዜ ነካቸው። እንዲህ ያለ ውሳኔ ከሁሉም ጋር ቀድሞ መምከርን ይጠይቃል።

በ2002 ዓ.ም. ጣና በለስ ሥራ ጀመረ። 460 ሜጋ ዋት ነው። ውኃውን የሚወስደው በሐይቁ ምዕራብ በኩል፣ ወደ 12 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ዋሻ ነው። አገሪቱ መብራት ትፈልጋለች፤ በዚህ አልከራከርም። የምለው፣ ከሐይቁ ውኃ የሚሸጥ ከሆነ ከሽያጩ ላይ ለሐይቁ ጥበቃ የሚመለስ ነገር ይኑር ነው። ተራራው ካልተሸፈነና አፈሩ መውረዱን ካላቆመ ዞሮ ዞሮ ተርባይኑም ይጎዳል።

ማክሰኞ፣ ወረታ

በሚኒባስ ወደ ወረታ። ከባሕር ዳር 60 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ሐሙሲትን አልፈው የጉማራን ድልድይ ሲሻገሩ አገሩ ይለወጣል። ሜዳ ብቻ። በዚህ ወቅት ሜዳው ወርቃማ ነው፤ ያልታጨደው ሩዝ እስከ ዓይን ማረፊያ ይዘረጋል። ጎንበስ ብሎ የሚያጭደው ሰው ብዛት! ከሌላ ወረዳ ለአጨዳ የመጣ የቀን ሠራተኛም አለበት። ልጆች ነዶ ይሸከማሉ፣ አህዮች ጆንያ ይሸከማሉ።

ወረታ ከተማ የሩዝ ፋብሪካ አገር ናት። በየመንገዱ ማዶና ማዶ መፈልፈያ ነው። ድምፁ አያስወራም። ከበሩ ላይ የገለባው አቧራ ይወጣል፣ ደጃፉ ላይ ገለባው ተራራ ሆኗል። አንዱ ፋብሪካ ውስጥ ገብቼ ከማሽኑ የሚወርደውን ሩዝ በእፍኜ ያዝኩ። ሞቅ ያለ ነው፤ ነጭ ሆኖ ጥቂት የተሰበረ አለበት። ያልተሰበረው፣ ስብርባሪውና ገለባው በየፈርጁ ይሸጣል። "ይሄ እንጀራም ይሆናል፣ ከጤፍ ጋር ሲደባለቅ" አለኝ የማሽኑ ሠራተኛ። ይሆናል ብቻ ሳይሆን ብዙ ቤት የሚበላው እሱን ነው።

የሩዙ ታሪክ ደስ ይላል። ፎገራ ድሮ በክረምት የሚተኛ አገር ነበር። ርብና ጉማራ ሞልተው ሲወጡ ሜዳው ባሕር ይሆናል። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ሩዝ አመጡ፤ ውኃ የሚወድ እህል ውኃ ከበዛበት መሬት ጋር ተገናኘ። ገበሬው "ኤክስ ጅግና" የሚለው ዝርያ ስሙን ያገኘው እዚሁ አካባቢ ካለው፣ ጅግና ከሚባለው ቦታ ነው። አሁን ወረታ ላይ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አለ። አንድ ሽማግሌ ገበሬ እንዲህ አሉኝ፦

"በፊት ጎርፍ መጣ ሲሉን ልጅ አዝለን እንሸሽ ነበር። አሁን ጎርፍ ካልመጣ ነው የምንደነግጥ።"

በዚህ ሜዳ ቆርቆሮ ቤት የሠራው፣ ልጁን ያስተማረው፣ ባጃጅ የገዛው ሁሉ በሩዝ ነው። ስለዚህ ቀጥሎ የምጽፈውን ሳስብ ተጨንቄ ነው የጻፍኩት። ምክንያቱም የፎገራ ሀብት የፎገራን ሌላ ሀብት እየበላ ነው።

ሸሸርና ወለላ የሚባሉ ሁለት ረግረጎች ነበሩ። ውኃ የሚያጥሩ፣ ከሩቅ አገር የሚመጡ ወፎች የሚከርሙባቸው፣ ከብት የሚሰማራባቸው ነበሩ። ውኃቸው እየተሳበ፣ እየተጠነፈፈ አብዛኛው እርሻ ሆኗል። የፎገራ ከብት በወተቱ በአገር የታወቀ ዝርያ ነው፤ ያሳደገው ደግሞ ይህ ለምለም ግጦሽ ነው። ግጦሹ ሩዝ ሲሆን ከብቱ ወዴት ይሂድ? ሽማግሌውን ጠየቅኋቸው።

"ከብቱማ ቀነሰ። አሁን የሚበላው የሩዝ ገለባ ነው።"

"ረግረጉስ፣ አባባ? አይቆጭዎትም?"

ዝም ብለው ቆዩ። "ይቆጫል። ግን የኔ ድርሻ እዚያ ውስጥ ስንት እንደሆነ የነገረኝ የለም። ሁሉም ሲያርስ እኔም አረስኩ።"

ቅዳሜ ዓሣ አጥማጁ ያሉኝ ነው፣ በሌላ አፍ። መረብም ይሁን ሞፈር፣ ድርሻው ያልተለየ ነገር ላይ ሁሉም ይሻማል።

ከሩዙ በኋላ ደግሞ ሽንኩርት አለ። በበጋ ከርብና ከጉማራ ዳር የፓምፕ ድምፅ አይቋረጥም ይላሉ። አሁን ገና ነው፤ ፓምፖቹ እየተጠገኑ ነበር። በጋው ሲጠና ወንዙ ሐይቁ ጋ ሳይደርስ የሚያልቅበት ጊዜ አለ። ማዳበሪያውም ከማሳው ታጥቦ በወንዙ ወደ ጣና ይገባል። ከገባ በኋላ የሚያደርገውን ነገ አየዋለሁ።

ረቡዕ፣ ጉማራ እና ናበጋ

ጠዋት ጉማራ ወንዝ ዳር ወረድኩ። ሲኖትራኮች ተሰልፈው ነበር። በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች አሸዋ በአካፋ ይጭናሉ። የባሕር ዳር ፎቅ ሁሉ በዚህ አሸዋ ነው የቆመ ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ልጆቹ ብዙዎቹ ተምረው ሥራ ያጡ ናቸው። አንዱ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ሦስተኛ ዓመቱ ነው።

ወንዙ ውስጥ ገብቼ ከግርጌው ጥቂት ጠጠር አነሣሁ። የምስር ያህል፣ የባቄላ ያህል፣ አንዳንዱ የእንቁላል ያህል ነው። ታጥቦ ጠርቷል። በመካከሉ ውኃ ይሽሎከለካል። ነጭ ዓሣ የምትፈልገው ይህን ነው፤ እንቁላሏ በጠጠሩ መሀል ገብቶ፣ ውኃ እየሮጠበት፣ አየር እያገኘ ይፈለፈላል። ጭቃ ከለበሰው ይታፈናል። ጠጠሩና አሸዋው ተዝቆ ከሄደ ደግሞ ማረፊያ የለውም። ቅዳሜ ያየሁት የዓሣ ገበያና ዛሬ የማየው የአሸዋ ገበያ አንድ ወንዝ ላይ መገናኘታቸው እዚህ ቆሜ ነው በደንብ የገባኝ።

ለተመራቂው ልጅ ነገርኩት። አልተቆጣም፣ አላላገጠም። "ማንም ነግሮን አያውቅም" አለ። ከዚያ "ታዲያ የትኛውን ቦታ ትተን የትኛውን እንቆፍር?" ብሎ ጠየቀኝ። ትክክለኛው ጥያቄ ይህ ነው። ወንዙ ሁሉ መራቢያ አይደለም፣ አሸዋውም ሁሉ ክልክል መሆን የለበትም። ዓሣ የሚወጣበትን ቦታ የሚያውቅ ባለሙያ ከነዚህ ልጆች ጋር አንድ ቀን ወንዝ ለወንዝ ቢሄድና ምልክት ቢያቆም ብዙ ነገር ይተርፍ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ናበጋ ደረስኩ፤ ሐይቁ ዳር ያለች የፎገራ ቀበሌ ናት። ሐይቁ ግን ወዲያው አይታይም። የሚታየው አረንጓዴ ሜዳ ነው። በላዩ ሐምራዊ አበባ ፈክቷል። የማያውቅ ሰው ፎቶ ይነሣበታል። እምቦጭ ነው።

አንዱን ነቅዬ አየሁት። የቅጠሉ እግር ያበጠ ነው፣ ሲጫኑት እንደ ስፖንጅ ይጨመቃል። የሚንሳፈፈው በዚያ ነው። ሥሩ ጥቁር ጺም ይመስላል፣ ጭቃ ይዟል። ከጎኑ ቀጭን ክንድ ዘርግቶ ልጁን ወልዷል፣ ልጁም ሌላ ጀምሯል። የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። ጣና ላይ መኖሩ የታወቀው በ2003 ዓ.ም. መጨረሻና በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ገደማ ነው። ሲመቸው የያዘውን ቦታ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ማድረግ ይችላል። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ብዙ ዓመት ተኝቶ ይቆያል። ስለዚህ ዘንድሮ የጸዳ ቦታ ለከርሞ ይመለሳል።

ይህ አረም የሚፋፋው ደግሞ በምግብ ነው። ምግቡ ከማሳ የታጠበው ማዳበሪያ፣ ከተራራ የወረደው አፈር፣ ከከተሞች የሚገባው ፍሳሽ ነው። ረግረጉና ደንገሉ ድሮ ይህን ሁሉ ዳር ላይ ያዝ ያደርጉት ነበር። ማሽን ተገዛ፣ ዘመቻ ተደረገ፣ ከአገር ዙሪያ ወጣት መጥቶ ነቀለ። ያን ጊዜ የነበረው ፍቅር ልብ ይነካል። ነገር ግን ምግቡ እየገባለት አረሙን ብቻ መንቀል ማለቂያ የለውም።

ደረቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ እምቦጭ የሚነቅል አንድ ገበሬ አነጋገርኩ። ሚስቱና ሁለት ልጆቹ ዳር ላይ ይቀበሉታል፣ ይከምሩታል። ማንም አልከፈላቸውም።

"የኔ ሩዝ ጋ እንዳይገባ ነው። ከብቱም ውኃ ይጠጣ። የኔን ዳር አጸዳለሁ፣ ሌሊት ንፋስ ያመጣውና ጠዋት ሞልቶ ይጠብቀኛል።"

እጁ ቆስሏል። "በርታ ወንድሜ" ብዬ ከማለፍ በላይ ምን እንደምለው አጣሁ። ጫማዬን አውልቄ ጥቂት አብሬው ሳብኩ። ውኃ የጠጣ እምቦጭ እንዴት እንደሚከብድ ካልያዙት አይታወቅም።

ሐሙስ፣ ተመልሼ ባሕር ዳር

ወደ ነገደ ወይጦ መንደር ሄድኩ። ጣናን ከማንም በፊት የተዋወቁት እነዚህ ሰዎች ናቸው ይባላል። አንድ አባት ታንኳ እየሠሩ አገኘሁ። ደንገሉን በእቅፍ በእቅፍ ያስራሉ፣ በልጥ ያጠብቁታል፣ በጉልበታቸው ተጭነው አፍንጫውን ወደ ላይ ያቀኑታል። ሚስማር የለ፣ ሙጫ የለ። አንድ ታንኳ ውኃ ጠጥቶ እስኪከብድ ጥቂት ወር ነው የሚያገለግል። ስለዚህ ሁልጊዜ አዲስ ደንገል ያስፈልጋል።

"ደንገሉ ድሮ እዚህ ደጃችን ነበር" አሉኝ። "አሁን ለማጨድ ርቀን እንሄዳለን። ዳሩን ሁሉ ሰው ወስዶታል። ገሚሱ ሆቴል ነው፣ ገሚሱ እርሻ።"

ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ትልቅ ነገር ነው። የባዮስፌር ሐሳቡም ጥሩ ነው፤ ጨርሶ የማይነካ እምብርት፣ በልክ የሚነካ ዙሪያ፣ ከዚያ ሰው የሚሠራበት ሰፊ አካባቢ ይኖረዋል። ለታንኳ ሠሪው ግን ደንገል የሚያጭድበት ቦታ "ይህ ያንተ ነው፣ ጠብቀህ ተጠቀምበት" ተብሎ ካልተሰጠው መዝገቡ ምን ይሠራለታል? ደንገል ሲታጨድ መልሶ ያበቅላል። የሚያጠፋው ማረሱ፣ ማቃጠሉና ዳሩን በአፈር መሙላቱ ነው። ደንገሉን ለመጠበቅ ከታንኳ ሠሪው የበለጠ ምክንያት ያለው ሰው ማን ነው? ደንገሉ ውስጥ የሚያድገው ትንሽ ቀረሶ ደግሞ የነገው ገበያ ነው።

ወደ ማታ ቅዳሜ ያገኘኋቸውን ዓሣ አጥማጅ ፈልጌ አገኘኋቸው። ሻይ ቤት ከጓደኞቻቸው ጋር ነበሩ። ስለ ዘጌዋ እናት ነገርኳቸው፤ ክልከላው ከቡናው ጋር አብሮ መምጣቱን። ከዚያ ጠየቅኋቸው። የወንዝ አፍ ከሐምሌ እስከ መስከረም ይዘጋ ቢባል ምን ትላላችሁ?

"ሐምሌን ምን እንበላለን?" አለ አንድ ወጣት ወዲያው።

"እሱን ነው የምጠይቃችሁ።"

ጋሼ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። "ለእምቦጭ ዘመቻ ገንዘብ ይወጣል አይደል? ጀልባ ያለን እኛ ነን። ሐይቁን የምናውቀው እኛ ነን። በነዚያ ወራት እምቦጩን ገና ልጅ ሳለ እኛ እንንቀለው፣ ይከፈለን። የወንዙንም አፍ እኛው እንጠብቀው።"

"ከሌላ ወረዳ መጥቶ መረብ የሚጥለውስ?" አለ ወጣቱ። "እኔ ቆሜ እየጠበቅኩ እሱ ሌሊት ይዞት ይሄዳል።"

"ፈቃድና ቁጥር ይኑረዋ! ጀልባው ላይ ቁጥር የሌለው አይውጣ።"

"ቁጥሩን ማን ያያል?"

ክርክሩ ረዘመ። ሦስተኛው ሰውዬ ጠባብ መረብ ከሻጩ ሱቅ ካልተከለከለ ሐይቅ ላይ መከልከል ልፋት ነው አለ። ሌላው ሰፊ መረብ በብድር ይሰጠን፣ ጠባቡን እናስረክባለን አለ። ሁሉንም በማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ፤ ነገ ጠዋት ወደሚመለከተው ቢሮ ይዤው እገባለሁ። ከሰማኋቸው ሐሳቦች ሁሉ የሚሠራ የሚመስለኝ ይህ ነው፤ ያመጡትም የሚታገዱት ሰዎች ራሳቸው ናቸው።

ስነሣ ጋሼ እጄን ያዙኝ።

"ቢሮ ከገባህ አንድ ነገር ንገርልኝ። ሐምሌ ሳይገባ ይጥሩን። ግንቦት ላይ ቢሆን ጥሩ ነው። ሐምሌ ከገባ በኋላ ለሚጠራ ስብሰባ አንመጣም፤ ያኔ ዓሣው ወንዙን ጀምሯል፣ እኛም መረቡን ጥለናል።"